በር ላይ ነን

ሞተርሆሙን የገዛው ባሌ ነው፤ እኔ የለሁበትም። ሥዩም ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ነድቶ ወገቡ ሲያልቅ «ከእንግዲህ የምነዳው ደክሞኝ የምተኛበትን ነው» አለና ከሐራጅ አንድ ያረጀ፣ ጎኑ ላይ ቡናማ መስመር የተሰመረበት፣ ቤት የሚያህል መኪና ይዞ መጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን ፓርኪንግ ውስጥ የሦስት ሰው ቦታ ይዞ ሲገተር ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ያየን ጀመር። እኔማ በዚያ ሰሞን ከሥራ ስመለስ በጓሮ በር ነበር የምገባው።

እታባ አገሯ ልትገባ ነው ሲባል ግን ያንን ጉድ «በሱ እንሂድ» ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ። እታባ የሺሀረግ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጇ ይስሐቅ ከሚስቱ ሲፋታ መንታ ልጆቹን ልታሳድግለት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ መጥታ ሦስት ዓመት ተቀመጠች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ «እንግዲህ ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ አገሬ መልሱኝ» አለች፤ አለቀ። እታባ አንዴ ካለች አለች ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ መንገዱ ክፍት ከሆነ አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በዚህ ሦስት ዓመት ውስጥ ሄጄ ያየኋት አንዴ፣ የመጣች ሰሞን ብቻ ነው። አንዴ! ሥራ አለ፣ ደብል ሺፍት አለ፣ ልብስ ማጠብ አለ፣ ከተማውን የሚዞረው የቤልትዌይ መንገድ መጨናነቅ አለ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሰው እናት ሳጥብና ሳጎርስ እውላለሁ፤ የራሴን ግን በስልክ «እንዴት ነሽ እታባዬ» ብዬ ነው የያዝኳት።

ስለዚህ ይስሐቅ «የምትሄድበት ቀን ከሥራ መቅረት አልቻልኩም፤ ልጆቹም እናታቸው ጋ ናቸው። ኤርፖርት ታደርሺልኛለሽ?» ሲለኝ ቃሉን ከአፉ ነው የነጠቅኩት። «በታክሲ እንዳይመስልህ! በቤት ነው የማደርሳት!» አልኩት። ጉልበቷ መኪና ውስጥ አይታጠፍላትም። በሞተርሆሙ አልጋ እግሯን ዘርግታ፣ ዶሮ ወጥ ሠርቼላት፣ አብረን በልተን፣ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ እስክንጠግብ አውርተን፣ ይቅር በይኝ ብያት... ሦስቱን ዓመት በአንድ ቀን ልክሰው። ሐሳቤ ይህ ነበር። አቤት ሐሳብ!

በረራዋ ማታ ነው። ጠዋት እቤቷ ደርሰን፣ ውለን፣ ከሰዓት ወደ ደለስ ኤርፖርት ልንወስዳት ተስማማን። ቅዳሜ ነው፤ ኖቬምበር፤ ብርዱ መንከስ ጀምሯል። ሥዩም ቁልፉን ሲያዞር ሞተርሆሙ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ባትሪው ሞቷል።

«ትናንት ማታ ሠርቶ ነበር እኮ!» ይላል።

ትናንት ማታ መብራቱን ሁሉ አብርቶ፣ ሬዲዮ ከፍቶ፣ እግሩን ሰቅሎ ያመሸበት ማን ሆነና! ባትሪውን ከራሱ መኪና አገናኝቶ ጃምፕ የሚያደርግለት ሰው ሲፈልግ፣ የጎረቤት በር ሲያንኳኳ፣ ስልኩ ጮኸ። የደወለችው ነጃት ናት፤ ከይስሐቅ ፊት ለፊት የምትኖር ደግ ልጅ። እታባ የራሷ ስልክ ስለሌላት ሁልጊዜ ነጃትን ነው የምታስደውላት።

«ጋሽ ሥዩም፣ እማማ የሺሀረግ ‘የት ደረሱ በያቸው’ ብለውኝ ነው።»

«መንገድ ላይ ነን በያቸው!» አለ ሥዩም፤ የተከፈተውን ኮፈን በአንድ እጁ እንደያዘ።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?» አልኩት።

«ታዲያ ገና አልወጣንም ልበላት? አሮጊቷ ትጨነቅ?»

እንግዲህ ይህ የሱ ደግነት ነው። ሥዩም በሕይወቱ «ገና ነኝ» ብሎ አያውቅም። ሻወር ውስጥ ሆኖ «ፓርክ እያደረግኩ ነው» የሚል ሰው ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ማኅበር ቤት፣ ስንቴ አሳፍሮኛል! ስንቴስ ተጣላሁት! ልጃችን ዲና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከኋላ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ እንደተከናነበች «ዳድ፣ ዩ ጀስት ላይድ፤ ዋሸህ እኮ» አለችው።

«ፓርኪንጉም መንገድ ነው» አላት።

ሞተሩ ተነሥቶ ገና ከሰፈር ሳንርቅ ደግሞ ጋዙ ሊያልቅ ደረሰ። አንድ አሮጌ ጋዝ ስቴሽን ጥግ ላይ አለ፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ። «ኧረ ከፍታውን እይ» ስለው «አንቺ ደግሞ! ማነው ሹፌሩ?» አለኝ። ቀጥሎ የሰማሁት ቆርቆሮ ሲቀደድ ነው። የማደያው ጣሪያ የእኛን ኤሲ ከመቀመጫው ነቅሎ በሽቦ አንጠለጠለው። ባለ ማደያው እየጮኸ ወጣ። ፖሊስ ተጠራ፤ ኢንሹራንስ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ፎቶ። ከኋላችን የተሰለፈው ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል።

ሥዩም ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን በጥቁር ፌስታልና በቴፕ ሲሸፍን እኔ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ፤ የማውቀው አበሻ እንዳያየኝ። የፈሩት ይደርሳል፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ጠጋ ብሎ በመስኮት አየኝና «እንዴ ባዩሽ! ቤት ለቀቃችሁ እንዴ?» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ነጃት እንደገና ደወለች። ሥዩም እዚያው ጣሪያው ላይ ሆኖ «ድልድዩ ጋ ነን» አላት። ዊልሰን ድልድይን ማለቱ ነው፤ ሜሪላንድን ከቨርጂኒያ የሚያገናኘውን። ቤልትዌይ እንኳ አልገባንም።

ቤልትዌይ ስንገባ ደግሞ የኩሽናው ካቢኔት በር ተከፈተ። ድስቱን እዚያ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ማሰሩን ረስቼ። ሥዩም ፍሬን ሲይዝ ድስቱ ተንሸራቶ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ተገለበጠ። ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ሳቁላላ ያነጋሁበት ዶሮ! ዕንቁላሎቹ እየተንከባለሉ የሹፌሩ ወንበር ሥር ገቡ። ዲና በወረቀት ፎጣ እየጠረገች «ማም፣ ኢት ኢዝ ኤቭሪዌር» ትላለች። ተንበርክኬ ብልቱን ከምንጣፍ እየለቀምኩ አለቀስኩ። ለእታባ የማቀርበው አንድ ነገር እሱ ነበር፤ እሱንም የሚረገጥ ቦታ ላይ ደፋሁት።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ መንገዱ ቆመ። ከፊት አደጋ ደርሷል አሉ። ጠዋት የተባለው ከሰዓት ሆነ። መኪና ከመኪና ኋላ ተደርድሮ ማንም አይንቀሳቀስም፤ ወንዙ ብቻ ከሥራችን ይሄዳል። ያኔ ስልኩ ጮኸ። ሥዩም መሪውን እንደያዘ «አንቺ አንሺው፤ እኔ ከእንግዲህ የምለው የለኝም» አለኝ። ውሸት እንኳ አለቀበት።

«እትዬ ባዩሽ፣» አለች ነጃት፣ «እኔ አሁን ሥራ ልገባ ነው። ለምን እማማን ኤርፖርት አድርሻቸው አላልፍም? ሻንጣውን መኪናዬ ላይ ልጫነው? ለኔ ምንም ችግር የለውም። በረራው እንዳያመልጣቸው ብዬ ነው።»

«እባክሽ አድርሺልኝ፤ እኛ እዚያው እናገኛታለን» ማለት ነበረብኝ። ሕፃን ልጅ እንኳ ይህን ያውቃል። ግን እፍረቱ ቀደመኝ። ሦስት ዓመት አልጠየቅኋት፤ ልትሄድ ስትል ደግሞ ጎረቤት አደረሰቻት ሲባል ታየኝ። ይስሐቅ ሲሰማ ታየኝ። አገር ቤት ያለው ዘመድ «ያቺ ያሳደገቻት እንኳ ብቅ አላለችም አሉ» ሲል ታየኝ።

«የለም፣ የለም! አትቸገሪ ነጃትዬ» አልኩ። «በር ላይ ነን።»

«በር ላይ? እኛ በር?»

«አዎ፣ እየታጠፍን ነው። አውርጃት ብቻ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሥዩም ዞሮ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከፊታችን የቆመው መኪና ቀይ መብራቱን እንዳበራ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ሥዩም የባከነውን ሊያካክስ በግራ ወጥቶ መብረር ጀመረ፤ ኤግዚታችን በቀኝ በኩል አለፈን። «ሚስ አደረግነው!» ብሎ ጮኸ። ያን የሚያህል መኪና እንደ ታክሲ የትም አይጠመዘዝም። ስፕሪንግፊልድ ደርሰን፣ እነዚያ የተጠላለፉ መንገዶች ውስጥ ገብተን፣ ስንወጣ የወጣነው ወደ ሪችመንድ በሚወስደው ላይ ነው። ወደ ሪችመንድ! የሁለት ሰዓት መንገድ፣ ያውም ወደ ሌላ አቅጣጫ! «ኧረ በስመ አብ! ኧረ ሰውየው ምን ሆነሃል!» እያልኩ ነጃት ጋ ደወልኩ። እፍረቴን ዋጥ አድርጌ «መልሰሽ ቤት አስገቢያት» ልላት ነው።

«እንዴ፣ እስካሁን አልተገናኛችሁም?» አለች ነጃት። «እኔ እኮ ሥራ ገብቻለሁ። ሻንጣቸውን አውርጄ፣ ቤቱን ቆልፌ፣ ቁልፉን ለይስሐቅ ልሰጠው ይዤው ወጣሁ። አብሬዎት ልቁም ብላቸው እሳቸው ናቸው ‘ሂጂ ልጄ፣ እንዳይረፍድብሽ፤ በር ላይ ናቸው’ ብለው ያባረሩኝ።» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «እትዬ ባዩሽ፣ በር ላይ ነን ብለሽኝ ነበር እኮ።»

እታባ ስልክ የላትም። ቁልፍ የላትም። እንግሊዝኛ የላትም። በዚያ ብርድ ከሻንጣዋ ጋር ደጅ ቆማለች፤ ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

«አይዞሽ፣ ሎቢው ውስጥ ትቀመጣለች» አለ ሥዩም።

እሱ እታባን አያውቃትም። እንግዳ መጣ ከተባለ እታባ ተቀምጣ አትጠብቅም። በልጅነቴ አባቴ ከክፍለ ሀገር ይመጣል የተባለ ቀን ከአጥር ውጭ መንገዱ ዳር ነበር የምትቆመው፤ ዝናብም ቢሆን። እንግዳ በሯን ሲያንኳኳ ቤት ውስጥ ከተገኘች እንደ ነውር ነው የምትቆጥረው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው «አውርጃት» ያልኩት። ምላሴን ቆርጬ በጣልኩት!

ስንደርስ ፀሐይዋ ከፎቆቹ ጀርባ ገብታለች። እታባ ቆማለች። ካፖርቷ ላይ ነጠላ ደርባ፣ እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ከታ፣ ሁለት ሻንጣ ከጎኗ። የሕንፃው ሴኩሪቲ ወንበር አምጥቶላት ነበር፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ግን እሷ ሳትሆን ቋጠሮዋ ነው። ያንን ፌስታል የለበሰ መኪና ስታይ እኛ መሆናችንን አላወቀችም፤ እንዲያልፍ ብላ ገለል አለችለት።

ዘልዬ ወርጄ ጉልበቷን ያዝኩ። «እታባ፣ ይቅር በይኝ፤ እታባዬ፣ አፈር ልብላልሽ...»

«ውይ ልጄ፣ መጣሽልኝ! ተነሺ እንጂ፣ ምን ሆነሻል! መንገዱ ነው፤ አንቺ ምን ታደርጊ!»

ስትስመኝ ከንፈሯ በረዶ ነው። እጇም በረዶ ነው። ሥራ ቦታዬ እንዲህ የቀዘቀዘ እጅ ስይዝ ሮጬ ነርስ ነው የምጠራው።

እዚያው እንደቆምን ይስሐቅ ደወለልኝ። «ኤርፖርት ደረሳችሁ አይደል?» ሲለኝ ወደ ታች አየሁ። እታባ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«ኧረ ድሮ መጥተውልኛል ይስሐቄ! ቤት የመሰለ መኪና ይዘው መጥተው ሲያጫውቱኝ ነው የዋሉት። ዶሮ ሠርታልኝ ጠግቤ በልቻለሁ። አሁን መንገድ ልንጀምር ነው።»

ዶሮውን ያወቀችው ከሽታው ነው፤ የፈሰሰው ወጥ ከተከፈተው በር ወጥቶ መንገደኛውን ሁሉ ይጠራል። ስልኩን መለሰችልኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም። «ቂም እንዳይዝብሽ ብዬ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። በልጅነቴ ለአንዲት ውሸት ጭኔን በቁንጥጫ የምታበልዝ ሴት ናት። በስተርጅናዋ ለኔ ብላ ዋሸች።

ሥዩምና ሴኩሪቲው ሻንጣውን ሲጭኑ ሰውየው ለዲና አንድ ነገር አላትና ፈገግ አለ። ቤቷ ገብቶ መቀመጥ ቀርቷል፤ ቁልፍም የለ፣ ጊዜም የለ። ደግፈን አስገብተን አልጋው ላይ አጋደምናት። እግሯ አብጦ ጫማው አልወጣ ብሎ ነበር። ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ደራረብኩላት። «እስቲ ትንሽ ልሙቅና እናወራለን፤ ስንት የማጫውትሽ አለ» አለችኝ። ንግግሯን ሳትጨርስ ዓይኗ ተከደነ። ያን ሁሉ ሰዓት ቆማ ጉልበቷ አልቋል። ከሌሊት ጀምሬ ሳጠናው የመጣሁት ይቅርታ አፌ ውስጥ ቀረ። እኔው አቁሜ ያደከምኳትን ሴት በምን ዓይኔ ልቀስቅሳት? እግሯን እቅፌ ውስጥ ይዤ ማሻሸት ጀመርኩ።

ዲና ከፊቴ መጥታ ተቀመጠች። «ማም፣ ዛት ሴኩሪቲ ጋይ ኢዝ ሶ ናይስ» አለች።

«ምን አለሽ?»

«‘በመጨረሻ መጣችሁ’ ይላል። እታባ ሰንዴይ ሰንዴይ ትወርዳለች ይላል። ጥሩ ቀሚስ ለብሳ። ዌይት ታደርጋለች፣ ዌይት ታደርጋለች፣ ከዚያ ወደ ላይ ትሄዳለች። ያ ወንበር የሷ ነው። ሂ ኪፕስ ኢት ፎር ኸር።»

«ማንን ነው የምትጠብቀው?» አልኩ፤ እያወቅሁት።

ዲና ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኛን፣ አይ ጌስ።»

በየሳምንቱ በይስሐቅ ስልክ ደውዬላት ልዘጋ ስል «በይ እታባዬ፣ እሁድ ብቅ እላለሁ» እላት ነበር። ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ስልክ መዝጊያ ነው፤ ደህና ሁኚ እንደማለት። «እሺ ልጄ» ትለኛለች። ስቀር አንድ ቀን እንኳ «ምነው ቀረሽ» ብላኝ አታውቅም፤ እንዳላፍር። እኔ ብሎ ሥዩምን ሰዳቢ! ማደያው ጋ ያፈርኩት ምን እፍረት ነው፤ ሰው ስቆብኝ ሄደ፣ ያልፋል። ይህን ግን የት አደርገዋለሁ? እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሥዩም ከፊት ሰምቷል መሰለኝ፤ ሬዲዮኑን ዘጋው።

ደለስ ስንደርስ ሞተርሆሙ ፓርኪንጉ ውስጥ አይገባም ተባለ። መውረጃው ላይ ፖሊሱ ቶሎ በሉ እያለ በእጁ ያጣድፋል። እታባን ቀሰቀስናት። «ውይ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ እንዴ? ሳላጫውትሽ!» አለች። አንዲት አበሻ ልጅ ዊልቸር እየገፋች መጣችልንና «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብላ አስቀመጠቻት። እታባ ዲናን ጠርታ ግንባሯን ስማ መረቀቻት፤ ሥዩምንም «የኔ ጌታ፣ አደከምኩህ» አለችው። ሥዩም ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

«በይ እንግዲህ ባዩሽዬ» አለችኝ።

አፌ ተከፈተ። «ለፋሲካ እመጣለሁ እታባ» ጥርሴ ላይ ደርሷል፤ ሳላስበው፣ በልማድ። ዘጋሁት። ሌላ የምለው ግን አጣሁ። እንባዬ ብቻ ይወርዳል፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ፊቷ ቆሜ። ዝም ስል የተጨነቀችው እሷ ናት። ከእፍረቴ ልታወጣኝ፣ ጉንጬን በሁለት እጇ ያዘች፤ እጇ አሁንም አልሞቀም።

«ትመጫለሽ እንጂ! እኔ አላውቅሽም እንዴ!» አለችኝ። «ቀኑን ብቻ ንገሪኝ። ቦሌ ወጥቼ እጠብቅሻለሁ።»

ልጅቷ ዊልቸሩን ገፋችው። እታባ ዞራ ዞራ እያየችኝ የመስታወቱ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ቀን አልነገርኳትም።